የቤተ ልሔም ቁልፍና ባለ አንድ ክንዱ ጄኔራል፦ የሎርድ ራግላን ሕይወት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተወለደበት ዋሻ ላይ በታነጸው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን፣ በ1847 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ አንድ የብር ኮከብ ጠፋ። ኮከቡ የልደቱን ስፍራ ለማመልከት በዋሻው ወለል ላይ የተተከለ፣ በላቲን ቋንቋም የተጻፈበት ነበር። ላቲኖቹ መነኮሳት ግሪኮቹን ወነጀሉ፤ ግሪኮቹም በደሉ የእኛ አይደለም አሉ። በዚያው ሰሞን የዚያች ቤተ ክርስቲያን የታላቁ በር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚለው የቈየ ክርክር እንደ አዲስ ተነሣ። ከኮከቡ መጥፋት ሰባት ዓመት ያህል ሲቈጠር የአራት መንግሥታት ወታደሮች በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በክራይሚያ ምድር፣ ይተላለቁ ነበር። ከአዛዦቻቸው አንዱ በቁልፉ ክርክር ምንም ድርሻ ያልነበረው፣ ቀኝ ክንዱን ከአርባ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ያጣ፣ ጠጕሩ የሸበተ እንግሊዛዊ መስፍን ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ሰው፣ ስለ ሎርድ ራግላን ነው። ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ራግላን የሚለው ስም በእርጅናው ያገኘው የማዕረግ ስም ነው። ሲወለድ የተሰጠው ስም ፊትዝሮይ ጀምስ ሄንሪ ሶመርሴት ይባላል። የተወለደው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1788 ሲሆን አባቱ አምስተኛው የቦፎርት መስፍን ሄንሪ ሶመርሴት ነው። የቦፎርት ቤት ዘሩን ከእንግሊዝ ንጉሥ ከኤድዋርድ ሣልሳዊ የሚቈጥር፣ ባድሚንተን በተባለ ስፍራ ሰፊ ርስትና ታላቅ አዳራሽ የነበረው ቤት ነው። ይህ ልጅ ግን ከወንድሞቹ ሁሉ የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ነበር። በአገራችን ባላባት ዘንድ ርስት ለልጆች ሁሉ ይዳረስ እንደ ነበር እናውቃለን። በእንግሊዝ መሳፍንት ሥርዓት ግን ማዕረጉም መሬቱም ለበኵሩ ብቻ ያልፋል፤ ታናናሾቹ ስም እንጂ ሀብት አይወርሱም። ስለዚህ አንዱ ወደ ጦር ቤት፣ ሌላው ወደ ቤተ ክህነት፣ ሌላው ወደ መንግሥት ሥራ ይሰማራል። ፊትዝሮይም ዌስትሚንስተር በተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ጥቂት ከተማረ በኋላ በ1804፣ ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆነ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር መኮንንነት በገንዘብ የሚገዛ ነበር። እስከ 1871 ድረስ ሳይሻር የቈየው ይህ ልማድ፣ ዘርና ገንዘብ ያለውን ሁሉ ችሎታው ሳይመረመር ለአዛዥነት ያበቃ እንደ ነበር በኋላ እናያለን።

የሕይወቱ መንገድ የተቀየሰው በ1808 ነው። ናፖሊዮን ፖርቱጋልንና ስፔንን በያዘ ጊዜ የእንግሊዝን ጦር እየመራ ወደ ፖርቱጋል የዘመተው፣ በኋላ የዌሊንግተን መስፍን የተባለው ሰር አርተር ዌልስሊ ነበር። ወጣቱ ሶመርሴት የዚህ ሰው የቅርብ ረዳት ሆኖ አብሮት ዘመተ። በ1810 በቡሳኮ ጦርነት ቈሰለ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የዌሊንግተን የጦር ጸሐፊ ተደረገ። ጌታው ቈጣ፣ ንግግሩ እንደ ምላጭ የሚቈርጥ ሰው ነበር፤ ጸሐፊው ግን ለስላሳ፣ አንደበቱ የታረመ፣ ምስጢር ጠባቂ ነበረ። በጌታው ቃል የቈሰለው መኮንን ሁሉ በጸሐፊው በኩል ይጽናና ነበር። ጽሕፈት ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው ብሎ የሚንቀው ግን አልነበረም። በ1812 የባዳኾስ ከተማ ምሽግ ሲሰበር ቀድመው ከገቡት አንዱ እርሱ ነበር፤ የፈረንሳዩ የከተማዋ ገዥም እጁን የሰጠው በእርሱ አማካይነት ነው። በ1814 የዌሊንግተንን የወንድም ልጅ ኤሚሊ ዌልስሊን አገባ። ከዚህ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ሰዎች መካከል ከአገልግሎት በላይ የዝምድና ገመድ ተዘረጋ።

ጁን 18 ቀን 1815 የዋተርሉ ጦርነት ሲደረግ ሶመርሴት ከጌታው አጠገብ በፈረስ ላይ ነበር። ወደ ማታ ከጠላት ወገን የመጣች ጥይት የቀኝ ክርኑን አደቀቀችው። ወደ አንድ የገጠር ቤት ወሰዱት፤ ሐኪሙም ያለ ማደንዘዣ ክንዱን ቈረጠው። ያን ጊዜ ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበርና። በዚያው ክፍል ቈስሎ ተኝቶ የነበረው የኦሬንጅ ልዑል ምን እንደ ተደረገ ያላወቀው ሶመርሴት ድምፅ ስላላሰማ ነው ይባላል። የተቈረጠውን ክንድ ይዘው ሲወጡ ብቻ ቃል ተናገረ፤ ሚስቱ የሰጠችው ቀለበት በጣቱ ላይ ስላለ ክንዱን እንዲመልሱለት ጠየቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በግራ እጁ መጻፍ ይለማመድ ጀመር። የዛሬ ልብስ ሰፊዎች ከአንገት እስከ ብብት በሰያፍ የሚሰፋውን እጅጌ እስከ አሁን በእርሱ የማዕረግ ስም ራግላን ብለው ይጠሩታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሠላሳ ሰባት ዓመታት በጥቂት ቃል ማለፍ ይቻላል፤ ታሪኩን የሚወስነው ግን በእነዚህ ዓመታት ያልተደረገው ነገር ነው። ለአጭር ጊዜ የፓርላማ አባል ሆነ። ከ1827 እስከ 1852 ድረስ በለንደን የጦር ኀይሉ ዋና መሥሪያ ቤት የጦር ጸሐፊ ሆኖ ሹመትን፣ ዝውውርን፣ የመኮንኖችን አቤቱታ ሲያይ ኖረ። ልጁ አርተር በ1845 በህንድ አገር በፌሮዝሻ ጦርነት ቈስሎ ሞተ። ዌሊንግተን ሴፕቴምበር 14 ቀን 1852 ሲያርፍ ጠቅላይ አዛዥነቱ ለሌላ ተሰጠ፤ ለሶመርሴት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አለቅነትና ባሮን ራግላን የሚለው ማዕረግ ደረሰው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሻለቃ ጦር እንኳ በጦር ሜዳ መርቶ አያውቅም። ከመጽሐፍ የምናውቀው ሌላ አገልጋይ አለ። ኢያሱ ወልደ ነዌ የሙሴ ሎሌ ነበር፤ ነገር ግን ሙሴ ገና በሕይወት ሳለ አማሌቅን እንዲወጋ ጭፍራ ሰጥቶ ልኮታል። ራሱ በኮረብታው ላይ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ኢያሱ ከታች ይዋጋ ነበር። ዌሊንግተን ለሶመርሴት ብዕር እንጂ ጭፍራ አልሰጠውም። እንዲታዘዝና የሌላውን ሐሳብ በመልካም ቃል እንዲጽፍ አስተማረው። በዚህም ትምህርት የሚተካከለው አልተገኘም።

ወደ ቁልፉ እንመለስ። ቅዱሳት መካናት ያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ሡልጣን ግዛት ውስጥ ነበሩ። ፈረንሳይ የላቲኖቹ ጠበቃ፣ ሩሲያ የምሥራቃውያን ኦርቶዶክሳውያን ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ሡልጣኑ አብዱል መጂድ አንዱን ሲያስደስት ሌላውን እያስከፋ፣ አንዱን ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ እየሻረ ቈየ። በመጨረሻ በ1852 መገባደጃ ቁልፉ ለላቲኖቹ ተሰጠ፤ በጠፋው ምትክ ሌላ የብር ኮከብ ተተከለ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ቀዳማዊ ልዑል ሜንሺኮፍን ወደ ቍስጥንጥንያ ልኮ በሡልጣኑ ግዛት ያሉት ኦርቶዶክሳውያን ሁሉ በሩሲያ ጥበቃ ሥር እንዲሆኑ ጠየቀ። ይህ ከቁልፍ ጥያቄ የሚያልፍ ነበር፤ ሡልጣኑም እንግሊዝንና ፈረንሳይን ተማምኖ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ያህል፣ ጦርነቱ ስለ ቁልፉ ብቻ የተደረገ አይደለም። እንግሊዝ ሩሲያ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር እንዳትወጣ ትሰጋ ነበር። ሉዊ ናፖሊዮን አዲስ የያዘውን ዙፋን በክብር ሊያጸና ይሻ ነበር። ኒኮላስም የቱርክን መንግሥት እንደሚሞት በሽተኛ ቈጥሮ ውርሱን ያሰላ ነበር። የጌታችን ልደት ስፍራ ግን ለሁሉም ምክንያት ሆነ። ክርስቲያን ነን የሚሉ ሁለት መንግሥታት ከሡልጣኑ ጋር ተሰልፈው ሌላውን ክርስቲያን መንግሥት ሊወጉ በማርች 1854 ጦርነት ዐወጁ።

እንግሊዝም አዛዥ ፈለገች። ከዌሊንግተን ጋር የዘመቱት ጄኔራሎች ወይ ሞተዋል ወይ ጃጅተዋል። ራግላን ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። ፈረንሳይኛ አጣርቶ ያውቃል፤ ጠባዩ ከማንም ጋር ያግባባዋል፤ የመስፍን ልጅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዌሊንግተን ጥላ አለበት። ስለዚህ እርሱን ሾሙት። ከእርሱም በታች የፈረሰኛውን ጦር እንዲመራ ሎርድ ሉካን፣ ከዚያም ውስጥ የቀላል ፈረሰኛውን ብርጌድ እንዲመራ ሎርድ ካርዲጋን ተሾሙ። ካርዲጋን የሉካን ሚስት ወንድም ነበር፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ባላንጣዎች መሆናቸውን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ራግላንም ያውቅ ነበር። ሁለቱም ባለ ማዕረግ ስለ ነበሩ ማንንም ማስከፋት የማይወደው አዛዥ ነገሩን በዝምታ አለፈው። በኋላ የመጣው ጥፋት አንዱ ሥሩ ይህ ዝምታ ነው ብለን እናምናለን።

ጦሩ መጀመሪያ በቡልጋርያ ጠረፍ በቫርና ሰፈረ፤ በዚያም ኮሌራ ገባበት። ጠላት ሳያዩ ብዙዎች ተቀበሩ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ወደ ስድሳ ሺህ የሚደርስ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቱርክ ሠራዊት በክራይሚያ ጠረፍ ወረደ፤ ዓላማው የሩሲያ የጥቁር ባሕር መርከቦች መቀመጫ የሆነችውን የሴቫስቶፖል ከተማ መያዝ ነበር። ይህ ምድር ለክርስቲያኖች እንግዳ ምድር አይደለም። በሴቫስቶፖል አጠገብ ያለችው ጥንታዊቷ ኬርሶን፣ የሩስ መስፍን ቭላዲሚር በ988 ገደማ እንደ ተጠመቀባት በትውፊት የምትነገር ከተማ ናት።

ሴፕቴምበር 20 ቀን በአልማ ወንዝ የመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት ተደረገ። ሩሲያውያኑን የመራው ያው ስለ ቅዱሳት መካናት ወደ ቍስጥንጥንያ ተልኮ የነበረው ልዑል ሜንሺኮፍ ነበር። ራግላን በዚያ ቀን ያደረገው የሚያስደንቅ ነው። ከጥቂት መኮንኖች ጋር ወንዙን ተሻግሮ ከራሱ ወታደሮች ፊት ቀድሞ በሩሲያውያን ሰፈር መካከል ወዳለች ጕብታ ወጣ፤ ሁለት መድፎችም አስመጥቶ ከዚያ አስተኰሰ። ሞትን አለመፍራቱን ያየ ሁሉ መሰከረለት። ነገር ግን በዚያች ጕብታ ላይ ሆኖ ጦሩን ማዘዝ አይችልም ነበር፤ ወታደሮቹ ሽቅብ ሲወጡና ሲወድቁ አዛዣቸው የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። የዋተርሉው ረዳት መኮንን እንጂ የሠራዊት አለቃ ሥራ አልሠራም። እንግሊዞች ወደ ሁለት ሺህ ሰው ሞቶባቸውና ቈስሎባቸው ኮረብታውን ያዙ። ከዚያም ከፈረንሳዮቹ ጋር ከተማይቱን ዞረው በደቡብ በኩል ሰፈሩ፤ ባላክላቫ የምትባለውን ጠባብ ወደብም እንግሊዞች ያዙ።

ከፈረንሳዮች ጋር ያለው ወዳጅነት ራሱ ለራግላን ፈተና ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ጠላት ማለት ለእርሱ ፈረንሳይ ነበር። በምክር ጉባኤ ላይ ሩሲያውያኑን ማለቱ ሲሆን አንደበቱ እየሳተው ፈረንሳዮች ይላቸው ነበር ተብሎ ይነገራል። አጠገቡ የተቀመጡት የፈረንሳይ ጄኔራሎች ምን ይሰማቸው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ኦክቶበር 25 ቀን ሩሲያውያን ወደ ባላክላቫ መጡ። በማለዳ ቱርኮች ይጠብቋቸው የነበሩትን ትንንሽ ምሽጎች ይዘው በዚያ የነበሩትን የእንግሊዝ መድፎች ማረኩ። ራግላን ከከፍተኛው ኮረብታ ላይ ሆኖ ሸለቆውን በሙሉ እንደ መዳፉ ያየዋል። ሩሲያውያኑ የተማረኩትን መድፎች ሊወስዱ ሲሰናዱ አየ፤ ዌሊንግተን በዘመኑ መድፍ አስማርኮ አያውቅም ይባል ነበርና ነገሩ ከነከነው። ፈረሰኛው በፍጥነት ወደ ፊት እንዲገሰግስ፣ ጠላትን ተከትሎም መድፎቹን እንዳይወስድ እንዲከለክል የሚያዝ ቃል ተናገረ፤ ጄኔራል ኤሪ የተባለው ሹም ያንን ቃል በእርሳስ በቍራጭ ወረቀት ላይ ጻፈው። ካፒቴን ኖላን የተባለ ፈጣን ፈረሰኛ ወረቀቱን ይዞ ቍልቍል ጋለበ።

በሸለቆው ወለል ላይ የቆመው ሎርድ ሉካን ግን ከኮረብታው ላይ የሚታየውን አያይም። መድፎች የተባሉት የትኞቹ ናቸው? ወደ ፊት ማለት ወዴት ነው? ለእርሱ የሚታዩት በሸለቆው ጫፍ በረድፍ የተደረደሩት የሩሲያ መድፎች ብቻ ነበሩ። ኖላንን ሲጠይቀው፣ ኖላን በንቀት እጁን ወደ ሸለቆው አቅጣጫ ዘረጋ። ሉካንም ትእዛዙን ለማይወደው አማቹ ለካርዲጋን አስተላለፈ። ካርዲጋን በሦስት ወገን መድፍ እንዳለ አመለከተ፤ ሆኖም ሁለቱም ትእዛዝ ነው ብለው ተስማሙ። ሊያድናቸው ይችል የነበረው አንድ ግልጽ ጥያቄ ወይም አንድ ግልጽ ቃል ነበር። ሁለቱም አልተገኙም።

ወደ 670 የሚጠጉ ፈረሰኞች በግራና በቀኝ ከተደረደሩ መድፎች መካከል በፊታቸው ወዳሉት መድፎች ጋለቡ። መጀመሪያ የሞተው ራሱ ኖላን ነበር፤ ከፊት ሮጦ እየጮኸ ሳለ የመድፍ ፍንጣሪ መታው፤ ምናልባት ስሕተቱን ሊያርም ፈልጎ እንደ ሆነ ምስጢሩን ይዞ ወደቀ። ከመድፎቹ ደርሰው ተዋጉ፤ የቀሩትም በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ከ100 በላይ ሲሞቱ ከዚያ የሚበልጡት ቈሰሉ፤ ከ300 የሚበልጡ ፈረሶችም አለቁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈጀው ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ራግላን ሉካንን ጠርቶ የቀላል ፈረሰኛውን ብርጌድ አጠፋህ ብሎ ወቀሰው፤ ለመንግሥቱም ሉካን ትእዛዙን በትክክል እንዳልተረዳ ጻፈ። ሉካን በዚህ ምክንያት ወደ አገሩ ተጠራ። በዚህ ጕዳይ ላይ ለራግላን ልናደላ አንችልም። ሉካን ጥፋት የለበትም አንልም፤ ግን ዕድሜውን በሙሉ የሌላውን ሐሳብ በጥንቃቄ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ የገዛ ራሱ ሐሳብ በግልጽ መጻፍ ባለበት በዚያች ሰዓት ቃሉ ደበዘዘ። እርሱ ከላይ ሆኖ የሚያየውን ከታች ያለውም የሚያይ መሰለው። የጠባዩ ልስላሴ ትእዛዙንም አለሰለሰው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ምኞት እንጂ እንደ ትእዛዝ ይናገር እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ወቀሳውን ለበታቹ ባስተላለፈበት ጊዜ ያ የተመሰገነ ትሕትናው አብሮት አልተገኘም።

ኖቬምበር 5 ቀን እሑድ ነበር። ገና ሳይነጋ የሴቫስቶፖል አብያተ ክርስቲያናት ደወል ሲደወል የእንግሊዝ ዘብ ሰማ። ጭጋጉም ሳይገለጥ ሩሲያውያን በኢንከርማን ኮረብታ ላይ መጡ። ሰው ከሰው በጨለማ ተያይዞ በሳንጃ ተዋጋ። ራግላን በጥይት መካከል ቆሞ ዋለ፤ ከአጠገቡ የመድፈኛው አለቃ ጄኔራል ስትራንግዌይስ እግሩ በመድፍ ተቈርጦ ሞተ። እንግሊዞች ፈረንሳዮች ደርሰውላቸው ቦታውን አልለቀቁም፤ ግን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሞቶባቸውና ቈስሎባቸዋል። ራግላን ስለዚህ ቀን የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ተሰጠው።

ያን ሠራዊት ያጠፋው ግን ከጥይት ይልቅ ክረምቱ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ በወደቡ ደጅ የነበሩትን መርከቦች ሰባበረ፤ የክረምቱን ልብስ የጫነችው ፕሪንስ የተባለችው መርከብም ሰጠመች። ከባላክላቫ ወደብ እስከ ሰፈሩ ያለው መንገድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን ጭቃ ሆነ፤ መኖ ያጡት ፈረሶች በመንገድ ላይ ወደቁ። ስንቅ በወደቡ ተከምሮ ሳለ በሰፈር ያለው ወታደር ይራብ ነበር። ለወታደሩ የሚታደለው ቡና ጥሬ ቡና ነበር፤ የሚቈላበት ማገዶም ሆነ የሚፈጭበት ነገር ግን አልነበረም። ቡና ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። በሽተኞቹ በመርከብ ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር፤ በዚያም ኖቬምበር ላይ የደረሰችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከነርሶቿ ጋር የሚቻላትን ታደርግ ነበር። በዚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹን የገደላቸው በሽታ ነው።

የታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ዊልያም ራስል ይህን ሁሉ ጻፈ። አገሩ ተቈጣ፤ በጃንዋሪ 1855 ፓርላማው ምርመራ እንዲደረግ ሲወስን የአበርዲን መንግሥት ወደቀ። አዲሶቹ ሚኒስትሮችም ወቀሳውን በራግላንና በሹማምንቱ ላይ አደረጉ። ወቀሳው በከፊል እውነት፣ በከፊል ግፍ ነበር። ማጓጓዣውና ስንቁ በለንደን ባሉ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተከፋፈለ እንጂ በአዛዡ እጅ ብቻ አልነበረም። ወታደሮቹን ማየት አይወድም የተባለውም ሐሰት ነው። ማንም እንዲያጨበጭብለት ስለማይፈልግ ካለ አጃቢ፣ ተራ ካፖርት ለብሶ በሰፈሩ ይዞር ነበርና ወታደሩ ሳያውቀው ያልፈው ነበር። ታይታን መጥላት በመነኵሴ የሚመሰገን ነው። የተራበና የበረደው ሠራዊት ግን አለቃው ከእርሱ ጋር መሆኑን በዐይኑ ማየት ይሻል። ራግላን ይህን አልተረዳም። በጋዜጣ ለተጻፈበትም መልስ አልሰጠም።

በአፕሪል 1855 ከቫርና በባሕር ውስጥ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ በክራይሚያ ደረሰ። ሽቦው ከባሕር የወጣው በባላክላቫ አቅራቢያ፣ በገደል ላይ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም አጠገብ ነው። ከጥንት ጀምሮ የጸሎት ስፍራ በሆነው በዚያ ገዳም ደጅ የለንደን ሚኒስትሮች ጥያቄና ተግሣጽ በየቀኑ ይደርስ ጀመር።

በጁን ወር የፈረንሳዩ አዛዥ ፔሊሲየና ራግላን ከተማይቱን በኀይል ለመያዝ ተስማሙ። ቀኑ ጁን 18 እንዲሆን ተቈረጠ፤ ዋተርሉ የተደረገበት ቀን ነው፤ አርባ ዓመት ሞላው። ከጥቃቱ በፊት መድፍ ሁለት ሰዓት ያህል ምሽጎቹን እንዲደበድብ ታስቦ ነበር። ፔሊሲየ ግን በዋዜማው ሐሳቡን ለውጦ ገና ሲነጋ እንዲጀመር ፈለገ፤ ራግላንም እንደ ልማዱ እሺ አለ። ፈረንሳዮቹ ማላኮፍ በተባለው ምሽግ ፊት እየረገፉ መሆናቸውን አየ። ወታደሮቹን ቢልክ እንደሚያልቁ ያውቅ ነበር። ካልላከ ግን ወዳጆቹ ከዳን ይላሉ ብሎ ሬዳን ወደ ተባለው ምሽግ ላካቸው። ሞተውና ቈስለው የቀሩት ወደ 1,500 ይደርሳሉ፤ ምሽጉም አልተያዘም። ከሁሉ ይልቅ ልባችን የሚያዝነው በዚህ ነው፤ በባላክላቫ ያጠፋቸው የትእዛዙ አለመግለጥ ነበር፤ በሬዳን ያጠፋቸው ግን እያወቀ ለጨዋነት ሲል የሰጠው ትእዛዝ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አልቆየም። ጁን 24 ቀን የሹማምንቱ አንዱና ወዳጁ ጄኔራል ኤስትኮርት በኮሌራ ሞተ፤ ሐዘኑም በላዩ ከበደ። ራሱም በተቅማጥ ታሞ ጁን 28 ቀን 1855 ማታ ሞተ። ሐኪሞቹ በሽታው ብቻውን ለሞት የሚያደርስ አልነበረም፣ የልብ ስብራቱ ነው የገደለው ሲሉ ተሰምተዋል። ቈጣው ፔሊሲየ በአልጋው አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ ይባላል። አስከሬኑ ከሰፈሩ እስከ ባሕሩ ዳር በሁለት ወገን በተሰለፉ ወታደሮች መካከል አልፎ ካራዶክ በተባለች መርከብ ወደ አገሩ ተወሰደ።

ሴቫስቶፖል ከሁለት ወር በኋላ በሴፕቴምበር ወደቀች፤ በማርች 1856 በፓሪስ ሰላም ሆነ። የቅዱሳት መካናቱ ነገርም ሡልጣኑ በ1852 ባጸናው ሥርዓት፣ ማንኛውም ወገን በእጁ ያለውን እንደያዘ ይቀጥል በሚለው፣ ረጋ። ይህ ሥርዓት የእኛንም አባቶች የሚነካ ነው። በ1838 በኢየሩሳሌም ወረርሽኝ ገብቶ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ባለቁ ጊዜ የዴር ሡልጣን ገዳም ቁልፍ ወደ ግብጻውያን እጅ ገባ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተቋጨም። ስለ ቤተ ልሔም ቁልፍ የሚነገረውን ስናነብ የምናስበው የራሳችንን ቁልፍ ጭምር ነው።

የራግላን ሠራዊት በክራይሚያ በረዶ በሚያልቅበት በዚያው ክረምት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ንጉሡ ከሰባት ዓመት በኋላ ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የቱርክን ነገር አንሥተው የክርስቲያን መንግሥት ወዳጅነት ሲጠይቁ፣ እንግሊዝ ከቱርክ ጋር ሆና ክርስቲያን መንግሥት የወጋችው ገና በቅርቡ ነበር። ደብዳቤው መልስ አላገኘም፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባብያን ያውቁታል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲወጋ አንደኛውን ክፍለ ጦር የመራው ጄኔራል ስቴቭሊ በክራይሚያ ያገለገለ መኮንን ነው። ቀድሞ ወደ አምባው የገባው 33ኛው ሬጅመንትም በአልማ ኮረብታ ሽቅብ የወጣው ያው ሬጅመንት ነበር፤ ስሙም የራግላን ጌታ የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት ይባላል። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከተዘረፉት ታቦታትና የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ናቸው።

ራግላን ይህ ከመሆኑ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ በጁላይ 1855፣ ከአባቶቹ ጋር በባድሚንተን በሚገኘው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል።